ወደ ሰውነት የሚገባው ብርሃንና መውጫ መንገዱ

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



አንድ ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም የካንሰር ዕጢ ለማውጣት ቢላዋውን ሲያነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም በሽታው የሚያበቃው የት ላይ ነው የሚለው ነው። ጤናማው ሥጋና የታመመው ሥጋ በዓይን ሲታዩ ብዙ ጊዜ ይመሳሰላሉ። ሐኪሙ አሳንሶ ከቆረጠ በሽታው ሥሩን ትቶ ይቀራል፤ አብዝቶ ከቆረጠ ደግሞ ሕመምተኛው ሊያጣው የማይገባውን ነርቭ፣ የደም ሥር ወይም ጡንቻ ያጣል። ራጅም ሆነ ሌሎቹ ታላላቅ መሣሪያዎች ከቀዶ ጥገናው በፊት ጠቃሚ ሥዕል ይሰጣሉ፤ ቆዳው ከተከፈተ በኋላ ግን ሐኪሙን በአብዛኛው የሚመራው ዓይኑ፣ ጣቱና ልምዱ ነው።

የታመመው ክፍል ራሱ እያበራ «እኔ እዚህ ነኝ» ቢል ኖሮ ግን ሥራው በእጅጉ በቀለለ ነበር። ሳይንስ ወደዚህ ግብ ለመድረስ ከያዛቸው መንገዶች አንዱ ብርሃን ሰጪ የሆኑ እጅግ ረቂቅ ቅንጣቶችን ወደ ሰውነት ማስገባት ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም እነዚህ ቅንጣቶች ምን ያህል እንደሚያበሩ ለማድነቅ ሳይሆን፣ ካበሩ በኋላ የት እንደሚሄዱ ለመመርመር ነው። የመሐንዲስ ኃላፊነት የሚፈተነው በዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ላይ ነውና። በንግግሩ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የነገሩን መሠረት ማስረዳት ተገቢ ነው። ናኖሜትር ማለት የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ እጅ ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት በዚህ መለኪያ ወደ 80,000 ወይም 100,000 ናኖሜትር ይደርሳል። እዚህ የሚነገርላቸው ቅንጣቶች ግን ከ2 እስከ 20 ናኖሜትር ገደማ ያላቸው ናቸው። ከእነርሱም መካከል በይበልጥ የታወቁት «ኳንተም ዶት» የሚባሉት የሴሚኮንዳክተር ፍርፋሪዎች ሲሆኑ፣ ልዩ ጠባያቸው ቀለማቸው በመጠናቸው መወሰኑ ነው። ከካድሚየምና ከሴሌኒየም የተሠራ ቅንጣት ወደ 2 ናኖሜትር ሲሆን ወደ ሰማያዊ፣ ወደ 6 ናኖሜትር ሲያድግ ደግሞ ወደ ቀይ ያበራል። ቅመሙ አንድ ነው፤ የተለወጠው መጠኑ ብቻ ነው። ምክንያቱም ኤሌክትሮኑ በጠባብ ሥፍራ ሲታጠር የሚይዘው ጉልበት ከፍ ስለሚል፣ መልሶ የሚለቀውም ብርሃን አጭር ሞገድ ያለው ይሆናል።

ይህን ጠባይ በ1981 ዓ.ም. ሶቪየታዊው አሌክሲ ኤኪሞቭ በባለቀለም መስተዋት ውስጥ፣ በ1983 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሉዊስ ብረስ በፈሳሽ ውስጥ በተንሳፈፉ ቅንጣቶች ላይ አሳዩ። በ1993 ዓ.ም. ሙንጊ ባወንዲ ከባልደረቦቹ ጋር መጠናቸው የተስተካከለ ቅንጣቶችን በጥራት የሚያስገኝ የአሠራር ዘዴ አበረከተ። ሦስቱም በ2023 ዓ.ም. የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆነዋል።

ቅንጣቶቹ የሕይወት ሳይንስ ባለሙያዎችን ቀልብ የሳቡት በ1998 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሁለት የአሜሪካ የምርምር ቡድኖች ቅንጣቶቹን ውኃ እንዲቀበሉ አድርገው በመልበስ ሕዋሳትን ለማቅለም እንደሚያገለግሉ በየበኩላቸው አሳወቁ። ቀድሞ ይሠራባቸው የነበሩት ቀለሞች ብርሃን ሲበዛባቸው ቶሎ የሚደበዝዙ ሲሆኑ፣ አዲሶቹ ግን ለረጅም ጊዜ ሳይደክሙ የሚያበሩ ሆነው ተገኙ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ከዚህ የበለጠ ተስፋ ታየ። ከዕጢው የሚወጣው የሊምፍ ፈሳሽ አስቀድሞ የሚደርስበት የሊምፍ ዕጢ፣ ማለትም ሕዝቡ ሲያብጥ «ንፍፊት» የሚለው ዓይነት ዕጢ፣ የካንሰር መዛመት የሚታወቅበት ዘበኛ ነው። በአሜሪካ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በዓይን በማይታየው የኢንፍራሬድ ብርሃን የሚፈኩ ቅንጣቶችን በአሳማ ቆዳ ውስጥ ወግተው፣ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ጠልቆ የሚገኘውን ዘበኛ ዕጢ ቀዶ ጥገናው እየተካሄደ በካሜራ ለማየት ቻሉ። የኢንፍራሬድ ብርሃን የተመረጠበት ምክንያት ከ700 እስከ 900 ናኖሜትር ያለውን ሞገድ ደምም ሆነ ውኃ ብዙ ስለማይውጡት ወደ ሥጋ ዘልቆ ለመግባት ስለሚችል ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ተስፋ የተጣለበት ነገር ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ያልገባው ስለምንድን ነው? መልሱ በቅንጣቱ እምብርት ውስጥ ይገኛል፤ እምብርቱ ካድሚየም ነውና።

የካድሚየም ጠባይ ከበቂ በላይ የታወቀ ነው። በጃፓን አገር በቶያማ ግዛት በጂንዙ ወንዝ ዳር ይኖሩ የነበሩ ገበሬዎች ከማዕድን ማውጫ በሚወርድ ውኃ እርሻቸውን እያጠጡ የበቀለውን ሩዝ ይመገቡ ነበር። ከጊዜ በኋላ ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ አጥንታቸውም እየሳሳ በቀላሉ የሚሰበር ሆነ። በሽታው ስሙን ያገኘው ከሕመምተኞቹ ጩኸት ነው፤ «ኢታይ ኢታይ» ማለት «አመመኝ፣ አመመኝ» ማለት ነው። በ1968 ዓ.ም. የጃፓን መንግሥት የበሽታው መንስኤ የካድሚየም ብክለት መሆኑን በይፋ አመነ። ካድሚየም አንድ ጊዜ ኩላሊት ውስጥ ከገባ ግማሹ እንኳ እስኪወጣ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጃል።

ከዚህ ሌላ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ሊዘነጋ የማይገባው አንድ ትምህርት አለ። ከ1930 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ «ቶሮትራስት» የተባለ ፈሳሽ በብዙ አገሮች ለራጅ ምርመራ ይወጋ ነበር። ይህም የቶሪየም ኦክሳይድ ረቂቅ ቅንጣቶች የተበተኑበት ፈሳሽ ነበረ። ሐኪሞች የወደዱት ያለምክንያት አልነበረም፤ የደም ሥሮችን አጉልቶ ያሳያል፤ ሲወጉትም ሕመምተኛው ወዲያው የሚያሳየው የጉዳት ምልክት እምብዛም ነው። ችግሩ ግን ቅንጣቶቹ መውጫ አልነበራቸውም። በጉበት፣ በጣፊያና በመቅኒ ውስጥ ሰፍረው ዕድሜ ልክ ጨረር ሲረጩ ኖሩ። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላም በተወጉት ሰዎች ላይ የጉበት ካንሰር በብዛት ታየ። በዚያ ዘመን የነበሩት ባለሙያዎች «ሥዕሉ ያምራልን?» ብለው ጠይቀው መልካም መልስ አገኙ፤ «ከዚያስ በኋላ?» የሚለውን ጥያቄ ግን በሚገባው ክብደት አልያዙትም። መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው የሚለው የአበው ምክር በዚህ ላይ ፍጹም ይሠራል።

እርግጥ ኳንተም ዶት ጨረር አይረጭም። ስለሆነም ሁለቱን አንድ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ይሆናል። የሚያመሳስላቸው ግን ሁለቱም በጉበትና በጣፊያ የሚያዙ፣ ሰውነት ሊያፈርሳቸውም ሆነ ሊያወጣቸው የሚቸገር ደቃቅ ጠጣር አካላት መሆናቸው ነው። በመሆኑም ጥያቄው በሦስት ሊከፈል ይችላል፤ አንደኛ መርዙን እንዴት ማገድ ይቻላል? ሁለተኛ ቅንጣቱን እንዴት ማስወጣት ይቻላል? ሦስተኛ መርዙን ጨርሶ መተው ይቻላልን?

የመጀመሪያው መንገድ ማገድ ነው። በ2004 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደ ምርመራ የጉዳቱን አመጣጥ ግልጽ አድርጎታል። ተመራማሪዎቹ የካድሚየምና የሴሌኒየም ቅንጣቶችን በጉበት ሕዋሳት ላይ ፈተኑ። ቅንጣቶቹ አስቀድመው ለአየር ወይም ለአልትራቫዮሌት ብርሃን ከተጋለጡ ገጻቸው ይዝጋል፤ ካድሚየምም እየተፈታ ይወጣል፤ ሕዋሳቱም ይሞታሉ። የዚንክ ሰልፋይድ ቅርፊት ሲለብሱ ግን ጉዳቱ በእጅጉ ቀነሰ። ይህ ለመሐንዲስ እንግዳ ነገር አይደለም። ብረት እንዳይዝግ ዚንክ እንደሚቀባ ሁሉ፣ እዚህም ደካማው ገጽ በጠንካራው ይሸፈናል። ቅርፊቱ የታወቀው በ1996 ዓ.ም. ሲሆን፣ የተፈለገውም ብርሃኑን ለማጠንከር ነበር፤ ደኅንነቱ በጥቅም ላይ ጥቅም ሆኖ መጣ። ይሁን እንጂ ቅርፊት የሚያዘገይ እንጂ ለዘለዓለም የሚያግድ አይደለም። የታሸገ ቆርቆሮም ቢሆን ዓመታት ሲያልፉበት ይበሳልና።

ሁለተኛው መንገድ ማስወጣት ነው። በደም ውስጥ የገባ ባዕድ ነገር በዋናነት ሁለት በሮች አሉት፤ አንደኛው በጉበት በኩል ከሐሞት ጋር፣ ሁለተኛው በኩላሊት በኩል ከሽንት ጋር ነው። የጉበቱ በር ለጠጣር ቅንጣት እጅግ ቀርፋፋ ነው፤ የጉበት ዘበኛ ሕዋሳት ይውጡታል፤ ከዋጡትም በኋላ አይለቁትም። የኩላሊቱ በር ግን ፈጣን ወንፊት ነው። የወንፊቱ ቀዳዳ ስፋት ምን ያህል እንደሆነ በ2007 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት በቁጥር አረጋገጠ፤ በፈሳሽ ውስጥ የሚለካው አጠቃላይ ስፋታቸው ከ5.5 ናኖሜትር በታች የሆኑ ቅንጣቶች ከሽንት ጋር ፈጥነው ይወጣሉ፤ ከዚያ የሚበልጡት ግን በሰውነት ውስጥ ይቀራሉ።

ይህ ቁጥር ለዲዛይን ሠራተኛው ትልቅ ስጦታም ትልቅ ፈተናም ነው። ሒሳቡን እንመልከት ቢባል እንዲህ ይሆናል። የቅንጣቱ እምብርት 3 ናኖሜትር ቢሆንና እያንዳንዱ 0.3 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ሁለት ድርብ የዚንክ ሰልፋይድ ቅርፊት ቢደረግለት፣ በግራና በቀኝ ሲደመር 1.2 ናኖሜትር ይጨምራል፤ ስፋቱም 4.2 ናኖሜትር ይሆናል። ለውጭኛው ልባስ የሚተርፈው ከ1.3 ናኖሜትር አይበልጥም። ከደም ፕሮቲኖች ጋር እንዳይጣበቅ የሚረዱት የተለመዱት የፖሊመር ልባሶች ደግሞ ብቻቸውን ከዚህ ይበልጣሉ። ልባሱ ከቀረ ወይም ከሣሣ ፕሮቲኖች ይለጠፉበታል፤ ቅንጣቱም እየወፈረ ከወንፊቱ በላይ ይሆናል። ቅርፊቱ ከሣሣ ካድሚየሙ ያመልጣል። እምብርቱ ካነሰ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ይሸሻል፤ ሥጋን ዘልቆ የሚያልፈው የኢንፍራሬድ ብርሃንም ይቀራል። እንግዲህ አንዱን ሲያቃኑ ሌላው ይጎብጣል። የቦስተኑ ቡድን ያሸነፈው «ሲስቴይን» የተባለውን ትንሽ አሚኖ አሲድ በማልበስ ነው፤ ይህም አዎንታዊና አሉታዊ ኤሌክትሪክ አቻ ለአቻ የያዘ በመሆኑ ፕሮቲን እንዳይለጠፍ ይከላከላል፤ ቦታም ብዙ አይወስድም።

በዚህ ላይ አንድ በጥንቃቄ ሊነበብ የሚገባው ውጤት አለ። በ2012 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በዝንጀሮ ዘመዶች፣ ማለትም ሬሰስ በሚባሉት ጦጣዎች የደም ሥር ውስጥ የካድሚየም ቅንጣቶች ተወግተው ለ90 ቀናት መታየታቸውን ይገልጻል። የደማቸው ምርመራ ደኅና ነበረ፤ የአካላቸውም ክፍሎች በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ጉዳት አልተገኘባቸውም። ይህ ደስ የሚያሰኝ ዜና ነው። ነገር ግን ያው ጥናት ሌላም ነገር በግልጽ አስፍሯል፤ ከ90 ቀናት በኋላ ከተወጋው ካድሚየም አብዛኛው በጉበት፣ በጣፊያና በኩላሊት ውስጥ እንዳለ ነበር። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ያነበበ ሰው «ደኅና ነው» ይላል፤ ሁለተኛውንም ያነበበ ሰው ቶሮትራስትን ያስታውሳል። ጉዳት አለመታየቱና ጉዳት አለመኖሩ አንድ አይደሉም፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ጊዜ ነው።

ሦስተኛው መንገድ መርዙን ጨርሶ መተው ነው። በቴሌቪዥን መስታወት ላይ ካድሚየምን የተካው የኢንዲየምና የፎስፎረስ ውሕድ ለሕክምናም ታስቧል። ይሁን እንጂ ስሙ ካድሚየም አለመሆኑ ብቻ ንጹሕ አያደርገውም፤ በእንስሳት ላይ በትንፋሽ ሲገባ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነውና የራሱን ፈተና ማለፍ ይኖርበታል። የተሻለ መንገድ የሚመስለው ሰውነት ከሚያውቀው ነገር መጀመር ነው። በ2009 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ከሲሊከን የተሠሩ ስፖንጅ መሰል ብርሃን ሰጪ ቅንጣቶች በአይጦች ላይ ተፈትነው ነበር። ቅንጣቶቹ በሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ እየሟሙ ወደ ሲሊሲክ አሲድ ተለወጡ፤ በአራት ሳምንት ገደማም ከአካላቸው ጸዱ። እዚህ ላይ መውጫው በር የተገኘው ቅንጣቱን በማሳነስ ሳይሆን እንዲፈርስ አድርጎ በመሥራት ነው።

ወደ ሰው የደረሰው ሌላው ፈጠራ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተወለደው የሲሊካ ቅንጣት ነው። በዚህ ውስጥ ብርሃን የሚሰጠው ሴሚኮንዳክተር ሳይሆን የተለመደ ኦርጋኒክ ቀለም ነው፤ ቀለሙ በሲሊካ ውስጥ ታሽጎ ስለሚቀመጥ ከብቸኛው ቀለም ይልቅ ያበራል፤ ቶሎም አይደበዝዝም። ስፋቱ 6 ወይም 7 ናኖሜትር ሲሆን፣ ከላይ በፖሊመር የተሸፈነ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. በሰው ላይ እንዲሞከር ፈቀደ። በ2014 ዓ.ም. የታተመው የመጀመሪያው ውጤት አምስት በቆዳ ካንሰር የታመሙ ሰዎችን የተመለከተ ነበር፤ ቅንጣቱ ያደረሰው ጉዳት አልታየም፤ የወጣውም በአብዛኛው በኩላሊት በኩል ነው። አምስት ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ከእምብርቱ ጀምሮ መውጫው ታስቦ የተሠራ ቅንጣት ከሰው አካል በሰላም ለመግባትና ለመውጣት እንደሚችል ለማሳየት በቂ ጅማሬ ነው።

ሚዛን ለመጠበቅ ሲባል ተወዳዳሪዎቹንም መጥቀስ ያስፈልጋል። «ኢንዶሳያኒን ግሪን» የተባለው ቀለም በአሜሪካ ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ የተፈቀደ ሲሆን፣ በደቂቃዎች ውስጥ በጉበት ተጣርቶ ከሐሞት ጋር ይወጣል። በ2021 ዓ.ም. ደግሞ የእንቁላል ማኅደር ካንሰርን በቀዶ ጥገና ጊዜ የሚያበራ ሌላ ቀለም ተፈቅዷል። ሁለቱም ናኖ ቅንጣቶች አይደሉም። ስለዚህ ማንኛውም አዲስ ቅንጣት «ከዚህ ቀደም ከነበረው ይልቅ አበራለሁ» ከማለት አልፎ፣ ለሕመምተኛው የሚሰጠው ጥቅም ከሚጨምርበት ሥጋት መብለጡን ማስረዳት ይጠበቅበታል።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤ ከዚህ ሁሉ ለመሐንዲሱ የሚወርድ የሥራ ድርሻ አለ። አንደኛው ልኬት ነው። የተለመደው መድኃኒት በሚሊግራም ይመጠናል፤ ለቅንጣት ግን ክብደቱ ብቻ አይበቃም። አንድ ግራም ቅንጣት መጠኑ ባነሰ ቁጥር ብዛቱና የገጹ ስፋት ይጨምራል፤ መዛጉም ሆነ ፕሮቲን መለጠፉ የሚካሄደው በገጽ ላይ ነው። ስለሆነም ብዛቱ፣ ስፋቱ፣ የልባሱ ዓይነትና የኤሌክትሪክ ጠባዩ አብረው ሊመዘገቡ ይገባል። ሁለተኛው የምርት ወጥነት ነው። በትንሽ ብልቃጥ የተገኘ ጥራት በትልቅ ጋን ሲደገም ሊበላሽ ይችላል፤ የግማሽ ናኖሜትር መዛነፍ ቅንጣቱን ከኩላሊት በር ወደ ጉበት እስር ቤት ያሻግረዋል። ሦስተኛው የፈተናው ታማኝነት ነው። ብዙ የላቦራቶሪ ፈተናዎች የሕዋስን ጤና የሚለኩት በቀለም ለውጥ ወይም በብርሃን ነው፤ ብርሃን ሰጪው ቅንጣት ራሱ ንባቡን ሊያሳስት ስለሚችል፣ ቅንጣቱ ብቻውን ያለ ሕዋስ በመሣሪያው መነበብ አለበት። አራተኛው ቆሻሻው ነው። ከሕመምተኛው በሽንት የወጣው ከዓለም አልጠፋም፤ ወደ ፍሳሽ ገብቷል። የጂንዙ ወንዝ ገበሬዎች የተጎዱት በውኃ በመጣ ካድሚየም እንደነበር መዘንጋት አይገባም።

ነገሩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በአገሪቱ ሴቶችን ከሚያጠቁት የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው፤ ብዙዎቹም ወደ ሕክምና የሚደርሱት በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። ዘበኛውን ዕጢ ለማግኘት በሌላው ዓለም በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ ጨረር አመንጪ ቅመም የሚጠይቅ ነው፤ ቅመሙም ዕድሜው በሰዓታት የሚቆጠር በመሆኑ አቅርቦቱ አስቸጋሪ ነው። በብርሃን የሚሠራ ዘዴ ግን ካሜራና በመደርደሪያ የሚቆይ ብልቃጥ ብቻ የሚፈልግ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ብልቃጥ አንድ ቀን በጉምሩክ በኩል ሲገባ፣ በላዩ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቦ ትክክለኛውን ጥያቄ የሚጠይቅ ባለሙያ በአገር ውስጥ መኖር አለበት። እምብርቱ ምንድን ነው? ልባሱ ምንድን ነው? ስፋቱ በውኃ ውስጥ ስንት ነው? ከተወጋው ስንት እጁ፣ በስንት ቀን፣ በየትኛው በር ወጣ? ቀሪውስ የት ነው? እነዚህን ለመጠየቅ ፋብሪካ አያስፈልግም፤ ዕውቀትና ድፍረት ይበቃል።

በመጨረሻም ለማጠቃለል፤ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ የውኃውን መውረጃ ሳያዘጋጅ መሠረት አይጥልም። ውኃው መንገድ ካጣ ድልድዩን ይዞ ይሄዳልና። በሰው አካል ውስጥ የሚገባ ቅንጣትም ሕጉ ያው ነው። መውጫው ከመግቢያው አስቀድሞ ይነደፍ፤ ብርሃኑም ከዚያ በኋላ ይደነቅ። በቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ የተኛችው እናት የምትሻው ለአንድ ሰዓት ያህል በውስጧ የሚበራ መብራት ነው፤ ሰዓቱ ሲያልፍ ደግሞ መብራቱ ጠፍቶ፣ ዘይቱም ከነማሰሮው ከቤቷ ወጥቶ፣ በሰላም ወደ ልጆችዋ እንድትመለስ ነው።